ሲያርፍ የሚንቀጠቀጥ እጅ

ሰው ሁሉ «ጋሼ መዳፍ» ይለው ነበር። በሆስፒታሉ ጥገና ክፍል ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቷል፤ አሥራ ዘጠኙን ከእኔ ጋር። እሱ የማሽን ሰው ነው፣ እኔ የኤሌክትሪክ። አንድ ጠባብ ክፍል፣ አንድ ዘይት የጠጣ ረጅም ጠረጴዛና ቁልፉ ከጠፋ የቆየ አንድ የብረት ቁም ሳጥን ተካፍለን ኖረናል። ዛሬ ሰዎች ስለ እሱ ሲያወሩ «ምስኪን፣ ለእህቱ ልጅ ብሎ ዋሸ እኮ» ይላሉ። እኔ ዝም እላለሁ። እሱ አልዋሸም። የዋሸው ማን እንደሆነ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

ስሙ የወጣለት ምድር ቤት፣ ልብስ ማጠቢያው ውስጥ ነው። የታማሚው አንሶላ፣ ብርድ ልብሱ፣ የቀዶ ጥገናው ጨርቅ ሁሉ እዚያ ይወርዳል። ግድግዳው እስከ ደረት ድረስ ነጭ ሸክላ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለውን ቀለም እንፋሎት ልጦታል። በቀኝ በኩል ማጠቢያዎቹ ተደርድረዋል። በግራ ጥጉ፣ ከግድግዳው ሁለት ክንድ ያህል ራቅ ብሎ ጨማቂው ቆሟል። ጨማቂው ገላው እንደ ወንፊት የተበሳሳ ትልቅ ከበሮ ነው፤ በፍጥነት እየዞረ ከታጠበው ልብስ ላይ ውሃውን ያራግፋል። ያ ሁሉ ብረት የተቀመጠው በአራት ሞላዎች ላይ ነው። ከየሞላው ጎን መኪና ጎማ አጠገብ እንዳለው ያለ፣ ውስጡ ዘይት የሞላበት አሞርቲዛተር አለ። ሞላው ያነጥራል፣ ዘይቱ ያበርዳል። እነዚህ ነገሮች በክዳን ስር ስለሆኑ የሚታዩት በዓመት አንዴ ማሽኑ ሲፈታ ብቻ ነው።

ንዝረት የሚለካ መሣሪያ ነበረን፤ ከተበላሸ ስንት ዘመኑ። አዲስ እንዲገዛ በየዓመቱ ይጠየቃል፣ በየዓመቱም «በሚቀጥለው» ይባላል። አለቆቻችን ደብዳቤ መቀበል እንጂ መመለስ አይሆንላቸውም። የሚቸኩልም ሰው አልነበረም፣ የእሱ መዳፍ አለና። ሰኞ ሰኞ ጠዋት ማሽኑ ሲነሳ ቀኝ መዳፉን በአራቱም እግሮች ላይ ተራ በተራ ያሳርፍና ዓይኑን ይጨፍናል። «የኋለኛው ብሎን ላልቷል» ካለ ላልቷል። «ይህ ኩሽኔታ ወር አይቆይም» ካለ አይቆይም። ነርሶቹ ኮሪደር ላይ ሲያገኙት «ጋሼ፣ እስቲ የእኛንም ልብ አዳምጥልን» እያሉ ይቀልዱበታል። «እናንተ አሞርቲዛተር የላችሁም፣ እጄን ትሰብሩታላችሁ» ይላቸዋል።

የራሱ ልጅ የለውም። እህቱ ስትሞት የአሥራ አንድ ዓመት ሴት ልጇን ወስዶ አሳደጋት። ትምህርቷን ጨርሳ ያለ ሥራ ስትቀመጥ ስንት ቢሮ ደጅ ጠንቶ ልብስ ማጠቢያው ውስጥ አስቀጠራት፤ ቆይታም ጨማቂው ላይ ተመደበች። ጎበዝና ቀልደኛ ልጅ ናት፣ ስትሥቅ ድምፅዋ ከእንፋሎቱ በላይ ይሰማል። ጨማቂውን የተረከበች ቀን እሱ ራሱ ወርዶ አስተማራት። እኔም የማብሪያውን ሳጥን እየፈተሽኩ ስለነበር ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ።

«ልብስ መቼም ቢሆን እኩል አይቀመጥም» አላት። «አንዱ ጎን ይከብዳል። ከበሮው በዞረ ቁጥር ያ ክብደት ማሽኑን አንዴ ይገፋዋል። ቀስ ብሎ ሲዞር ምንም አይደል፣ ሞላው እሺ ብሎ አብሮት ይሄዳል። በጣም ሲፈጥን ደግሞ ማሽኑ ለመነሳትም ለመውረድም ጊዜ ያጣል፣ ጸጥ ይላል። መከራው መሃል ላይ ነው። ሞላው በራሱ ልማድ ወደ ላይ ሊነሳ ሲል ግፊቱም ልክ ያኔ ይደርስለታል። እየተጨማመረ ይሄዳል። እዚያ ቦታ ላይ የሚይዝልሽ ዘይቱ ብቻ ነው።»

«እና ልጥፋ?» አለችው እየሣቀች።

«አትጥፊ፤ እሱንም አታጥፊው። ደንግጠሽ እጅሽ ማጥፊያው ላይ እስኪደርስ ማሽኑ ክፉውን ቦታ አልፎታል። ካጠፋሽው ፍጥነቱ ሲወርድ ተመልሶ ይገባበታል፣ ያውም እየተጎተተ። ስለዚህ ሲጀምረው ቆመሽ እስከ ሰባት ቁጠሪ። ሰባት ሳትደርሺ ይረጋል።»

ግድግዳው ላይ ግን በቀይ ቀለም «ማሽኑ ከተንቀጠቀጠ ወዲያውኑ ያጥፉ» የሚል ተለጥፏል። እሱ ወደዚያ በአገጩ እያመለከተ፣ «ይህን የጻፈው ሰውዬ ጨማቂ ያየ አይመስለኝም» አላት። እውነቱን ነው። ቀድሞ ሴቶቹ በደነገጡ ቁጥር እያጠፉት ማሽኑ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ይሰበር ነበር። መቁጠር ከለመዱ ወዲህ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ብሎን አልተሰበረም። ጠዋት ጠዋት ሲያስነሱት ሁሉም በአንድ ድምፅ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» እያሉ ይቆጥሩ ነበር። የክፍሉ ኃላፊ እትዬም ታውቃለች፣ እንዲያውም ከሁሉ ጮክ ብላ የምትቆጥረው እሷ ናት።

እጁ መንቀጥቀጥ የጀመረው አደጋው ሊደርስ ሁለት ዓመት ያህል ሲቀረው ነው። ሻይ እየጠጣን ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ ነበር፤ አውራ ጣቱ ክር እንደሚፈትል ሰው ሌባ ጣቱን ሲያሻሽ አየሁት። ምን ሆነህ ነው ስለው እጁን ቁልቁል አየና ካቻቢቴ አነሳ። እጁ ቀጥ አለ። ጉዱ ይህ ነው። ሲሠራ ደህና ነው፤ ከሁሉ የቀጠነውን ብሎን በመጀመሪያ ሙከራ ያስገባል። ሥራ ፈትቶ ሲያርፍ ነው የሚነሳበት። መዳፍን ብረት ላይ አድርጎ ማዳመጥ ደግሞ እጅን ማሳረፍ ነው።

«ሆስፒታል ውስጥ እየዋልክ ሐኪም አትጠይቅም?» አልኩት ከጥቂት ወራት በኋላ።

«ከጠየቅሁ ካርድ ላይ ይሰፍራል። ከሰፈረ በማግስቱ በር ላይ ወንበር ይሰጡኛል። የሚገባ የሚወጣውን ሳይ ልዋል?»

«ታዲያ ማሽኑን በምን ልታውቀው ነው?»

«የእጄን ለይቼ አውቀዋለሁ። ከማሽኑ ላይ እቀንሰዋለሁ።»

ይህን ሲል ፊቱ ላይ የነበረውን ኩራት ብታዩት። ለማንም እንዳልናገር አስማለኝ፣ ማልኩለት። ከዚያ በኋላ ሻዩን የማቀርብለት እኔ ሆንኩ። ሰው ሲመጣ «ያንን ቁልፍ ያዝልኝ» እያልኩ እጁን ሥራ አላስፈታውም ነበር። ወዳጅነት ማለት ይህ ይመስለኝ ነበር። ሞኝ ነበርኩ ብል እንኳ ራሴን ማቆላመጥ ይሆንብኛል፤ ሞኝ ሳልሆን የተመቸኝን ነው ያደረግሁት። እሱ ከሄደ ከማን ጋር ልሥቅ?

በኋላ፣ ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ፣ የማሽኑን መጽሐፍ አገላብጬ፣ የእሱን እጅ ደግሞ ሰዓት ይዤ ቆጥሬ አንድ ነገር አወቅሁ። ጨማቂው ክፉው ቦታ ላይ ሲደርስ በሰከንድ አምስት ጊዜ ያህል ይነሳል፣ ይወርዳል። የእሱ እጅም በሰከንድ አምስት ጊዜ ነው። ሌላውን ንዝረት ሁሉ ከእጁ መለየት ይችል ነበር። ያንን አንዱን፣ ሰው የሚገድለውን፣ ግን መለየት አይችልም ነበር።

አደጋው በደረሰበት ሳምንት ሰኞ እንደ ወትሮው አብረን ወረድን። ማሽኑ ተነሳ፣ ሴቶቹ ቆጠሩ፣ ስድስት ላይ ረጋ። ሁለቱን የፊት እግሮች ነካና አለፈ። በግድግዳው በኩል ካለው የኋላ እግር ላይ ግን መዳፉ ቆየ። ማሽኑን አስጠፍቶ እንደገና አስነሳው። እንደገና ነካው። ግራ እጁን ሞከረ፤ ግራው ድሮ በእንፋሎት ተቃጥሎ ቆዳው የደነደነ ነው፣ ምንም አይሰማውም።

«አንተ፣ ና እስቲ ይህችን ንካልኝ» አለኝ።

ነካሁ። እኔ የሽቦ ሰው ነኝ፤ ለእኔ የሚንቀጠቀጥ ብረት ሁሉ አንድ ነው። አላውቅም ማለት ነበረብኝ። የእህቱ ልጅ ቅርጫቱን ይዛ ቆማ እየጠበቀች ነበር፣ እትዬም ሰዓቷን ታያለች። «ያው እንደ ሁልጊዜው ነው» አልኩት።

እሱም ትንሽ አሰበና «እጄ ነው» አለ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። የፍተሻው ወረቀት ላይ «ደህና» ብሎ ጻፈ። እሱ ፈረመ፣ ከስሩ እኔ ፈረምኩ።

ረቡዕ ጠዋት ብርድ ልብስ ነበር የታጠበው። ውሃ የጠጣ ብርድ ልብስ ከባድ ነው፣ እኩል አይቀመጥም። ልጅቷ አስነሳችው። እኔ ኮሪደሩ ላይ አምፖል እየቀየርኩ ነበር። መጀመሪያ የለመድነው ጉርምርምታ መጣ፣ ከዚያ ማለፉን ትቶ እየጨመረ ሄደ፤ የቆምኩበት መሰላል ሳይቀር ይርገበገብ ጀመር። ከልብስ ማጠቢያው ሴቶች አንዷ ኋላ እንደነገረችኝ ልጅቷ ከማሽኑ ጎን፣ ግድግዳውን ተደግፋ፣ ጮክ ብላ ትቆጥር ነበር። ሰባትን አለፈች። ስምንት አለች፣ ዘጠኝ አለች። አሥራ አንድ ስትል ብሎኖቹ ተበጠሱ፣ ማሽኑ ከመሠረቱ ዘሎ ከግድግዳው ጋር አጣበቃት።

በክሪክ ያነሳነው እሱና እኔ ነን። የዚያን ጊዜ እጁ አንዴም አልተንቀጠቀጠም። ክሪኩን አስገባ፣ ከፍ አደረገ፣ እንጨቱን ወተፈ፣ «አለሁ ልጄ፣ አለሁ» እያለ። ዳሌዋና ቀኝ ጭኗ ተሰባብሮ ነበር። አራቱም አሞርቲዛተር ተገንጥሎ ዘይቱ ወለሉ ላይ ከሳሙናው ውሃ ጋር ተቀላቅሏል። ከመካከላቸው አንደኛው ቀደም ብሎ ዘይቱን አፍስሶ ጨርሶ እንደነበር ከዚያ በኋላ ማንም ሊያይ አይችልም። ያወቀው አንድ መዳፍ ብቻ ነበር፣ እሱንም ባለቤቱ አላመነውም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ አጣሪ ኮሚቴ ተቀመጠ። የአስተዳደሩ ኃላፊ ሰብሳቢ ነው፣ አንዲት የሠራተኛ ጉዳይ ሴትና ከውጭ የመጣ ኢንጂነር አብረውት አሉ። ነገሩ ገና ሳይጀመር ያለቀ ይመስል ነበር፤ ልብሱን እኩል አልከፈለችም፣ ሲንቀጠቀጥም በተለጠፈው መመሪያ መሠረት አላጠፋችም። ጥፋቱ የእሷ ከሆነ ከሥራ ትሰናበታለች፣ የሥራ ላይ ጉዳት ተብሎም አይያዝላትም። ዕድሜዋን ሙሉ ልታነክስ፣ በራሷ ጥፋት ነው ተብሎ ሊጻፍባት ነው። ከአልጋዋ ላይ ሆና የሰጠችው ቃል ሁለት መስመር ነበር። «ደንግጬ ማጥፋቱን ረሳሁ» ይላል። ቁጠሪ ያለኝ አጎቴ ነው የሚል ቃል የለበትም። ሌሎቹ ሴቶችም ስለ መቁጠር ትንፍሽ አላሉም፤ እትዬ ጭራሽ ሰምታ የማታውቅ መሰለች።

እሱ ገባና፣ እኔም ለምስክርነት ተጠርቼ እዚያው ተቀምጬ ሳለ፣ ሁሉንም ዘረገፈው። የተለጠፈውን እንዳትሰማ የነገርኳት እኔ ነኝ አለ። እጄ ታሟል፣ ሁለት ዓመት ደብቄአለሁ አለ። ሰኞ ዕለት ማሽኑ ሲነግረኝ እጄ ነው ብዬ አለፍኩት አለ። ሲናገር ድምፁ ደረቅ ነበር፣ አላለቀሰም።

ኢንጂነሩ ጥሩ ሰው ይመስላል። «እስቲ እጅዎን ወደ ፊት ይዘርጉልኝ» አለው። ዘረጋ። እጁ እንደ ጣውላ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ሲዘረጋ አይደለም» አለ። «ሳሳርፈው ነው።»

ጠረጴዛው ላይ አሳረፈው። ተንቀጠቀጠ። ከጎኑ የነበረው የውሃ ብርጭቆ ሳይቀር ተንቀጠቀጠ። ሦስቱም አዩት፤ ሴትየዋ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ሰብሳቢው ተነስቶ ትከሻውን ያዘው።

«አባቴ፣ ያሳደጓት ልጅ እንዲህ ሆና ማን ሰው ነው የማይንቀጠቀጥ? እኔም ብሆን እንደዚሁ ነኝ። ለእሷ ብለው ራስዎን አይክሰሱ።»

ያን ጊዜ ጋሼ መዳፍ ወደ እኔ አመለከተ። «ይህ ሰው ያውቃል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብረን ነን፣ እሱን ጠይቁት።»

ሰብሳቢው የሰኞውን ወረቀት አንስቶ ፊርማዬን ተመለከተ። «ከአደጋው በፊት እጁ ሲንቀጠቀጥ አይተህ ታውቃለህ?» አለኝ።

ደጋግሜ አስቤበታለሁ። የማልኩለት ነገር አፌን ያዘኝ ብዬ ራሴን ላሳምን ሞክሬ ነበር፤ ሐሰት ነው። በዚያች ቅጽበት ያየሁት «ደህና» ከሚለው ቃል ስር ያለውን የራሴን ስም ነው። አውቅ ነበር ካልኩ፣ እያወቅህ ለምን ፈረምክ ሊሉኝ ነው። ያንን እግር የነካሁትም እኔ ነኝ። ዓይኔን በጨው ታጥቤ «አላየሁም» አልኩ።

እሱ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ኮሪደሩ ላይ ጎኔ መጥቶ ቆመ፣ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር፣ ውስጥ ወረቀት ሲሰበስቡ ይሰማል።

«ያስማልኩህ እኔ ነኝ፣ አንተ ምን ታደርግ» አለኝ። የዋህ ነው እኮ። ቃሌን አክብሬ ዝም ያልኩ መሰለው። «አሁን ግን ፈትቼሃለሁ። ግባና ንገራቸው። አልሄዱም፣ ሁለት ቃል ነው።»

በሩ ሦስት እርምጃ ነው የሚርቀው። «ከሰዓት እነግራቸዋለሁ፣ ተረጋግተው ሲቀመጡ» አልኩት። ሰብሳቢው ወጣ፣ ለሁለታችንም ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ሰላምታ ሰጠንና ሄደ። ኢንጂነሩም ሄደ። ሴትየዋ መብራቱን አጥፍታ በሩን ቆለፈች። ጋሼ መዳፍ የተቆለፈውን በር ትንሽ አየና «እሺ፣ ከሰዓት» አለ።

ከሰዓት አልሄድኩም። በማግስቱም አልሄድኩም። በሳምንቱ ደብዳቤው ወጣ፤ ጥፋቱ የኦፕሬተሯ ነው፣ ተሰናብታለች። እሱ በዚያው ቀን መልቀቂያ አስገባ። ዕቃውን ሲሸክፍ አገዝኩት። ደህና ሁን እንኳ ሳንባባል ተለያየን። ነገሩ የመሐላው እንዳልነበር ያኔ የገባው ይመስለኛል።

ለመጠየቅ የሄድኩት ከአምስት ወር በኋላ ነው። ሁለት ክፍል ቤት ናት። በሩን የከፈተችልኝ ልጅቷ ናት፣ በሁለት ክራንች ተደግፋ። ከስታለች፤ አንዱ ትከሻዋ ከሌላው ከፍ ብሎ ቀርቷል። እሱ ውስጠኛው ክፍል ተኝቶ ነበር፣ በሩ ክፍት ነው፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል። እጁ ከብርድ ልብሱ በላይ እየተንቀጠቀጠ ይታየኛል። አሁን ሁለቱም እጆቹ ናቸው። በጤናው ጊዜ አንድ ቀን ሥራ ሳይዝ ተቀምጦ የማያውቅ ሰው አሁን ያለው ማረፍ ብቻ ነው፣ ማረፍም አይችልም።

«ጋሼ ተቀመጥ» አለች። ተቀመጥኩ። እሷም ክራንቾቿን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ቀስ ብላ ተቀመጠች፣ ሲያማት ከንፈሯን ነክሳ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ለብቻህ ሳገኝህ ልነግርህ የምፈልገው ነገር ነበር» አለችኝ።

ልትጠይቀኝ ነው አልኩ። ከጠየቀችኝ እነግራታለሁ ብዬ ወሰንኩ፤ እውነቴን ነው፣ ያኔ ወስኜ ነበር።

«አጎቴ ኮሚቴው ፊት ምን እንዳለ ነግረውኛል» አለች። «ሰኞ ዕለት አውቄ ነበር፣ እጄ ነው ያታለለኝ፣ ምናምን። ሁሉንም በራሱ ላይ ሊያደርግ። አጥፊው እኮ እኔ ነኝ ጋሼ፣ ብርድ ልብሱን እንዳመጣው ከተትኩት። እሱ በእኔ ጥፋት ስሙ ጠፍቶ ቢቀር እንዴት እኖር ነበር? ያ ሁሉ ሰው ሲያለቅስ አንተ ብቻ ነህ ተነስተህ «አላየሁም» ብለህ እውነቱን የተናገርከው።»

ውስጠኛው ክፍል ውስጥ አልጋው ሲንቋቋ ሰማሁ። እሱ አልተኛም ነበር። ፊቱን ወደ እኛ አላዞረም፣ ግን ይሰማል።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለችኝና እጄን በሁለት እጆቿ ያዘችው።

እኔም «ምንም አይደል» አልኳት።